ከቡሬ የመጣው ገነነ

ይድረስ ለእታለም፤

«መርማሪው የሚያሳድደው ሰው ራሱ መርማሪው ነው፤ እሱ ግን አያውቅም።» ይህን የሰማሁት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ከተቀመጡ ጎረምሶች ነው። እውነት መስሎኝ ዞሬ የየትኛው ፖሊስ ጣቢያ ሰው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ፊልም ነው እኮ፣ ጋሼ!» ብለው እስከ ማንኩሳ ሳቁብኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ከመካከላችን አንዱ ማን እንደሆነ አለማወቃችን ካልሆነ በቀር።

ጎረቤታችን አለበል ገነነን ቡሬ ገበያ አግኝቶ እንዳመጣው በስልክ ነግሬሻለሁ። ወንድማችን ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ከቀረ፣ ሞቷል ተብሎም ተዝካሩ ከተበላ ዓመታት አልፈዋል። የመጣው ሰው ቁመቱ የገነነ ነው፤ ሳቁም ይመስላል። «ወባ አእምሮዬን ወስዶብኝ ነበር» ይላል። ጎረቤቱ ተዝካሩን የበላለት ሰው ሲመለስ ምን እንደሚባል ስላላወቀ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ጠላውን ይጠጣል።

ፊልሙን ሄጄ አየሁት። መርማሪው አንድ የጠፋ ሰው ሲፈልግ ይቆይና፣ ሐዘን አእምሮውን አዙሮት በሌላ ሰው ስም ሲኖር የከረመው ራሱ መሆኑን መጨረሻ ላይ ይደርስበታል። የረበሸኝ ውሸታም አለመሆኑ ነው። ስሙን ከልቡ አምኖታል።

እኔም ጅጋ እምዬ ቤት ሄጄ መርማሪ ሆንኩ። «ያን ተዋጊ በሬያችንን ማን ነበር የምንለው?» አልኩት። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። እምዬ ከጓዳ ሆና የበሬውን ስም ስለ እሱ መለሰችና፣ «ወይኖ! ልጄን ችሎት አታቁምብኝ፤ አንተ መነጽርህን የት እንዳስቀመጥክ መች ታስታውሳለህ!» አለችኝ። ምርመራዬ ሁሉ እንዲህ እየሆነ ጓዳ ደጃፍ ላይ ይፈርሳል።

የሚያስጨንቀኝ፣ አንድ ቀን የራሱ ስም ትዝ ብሎት ጥሏት ቢሄድ ነው። እምዬ ልጇን ሁለት ጊዜ መቅበር አትችልም።

ቅዳሜ ዕለት አዲሱ የንስሐ አባታችን ቄስ ዘሚካኤል መጡ። እምዬ ልታስቆርበው ፈልጋለች። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁት። መቼም ይህን ስም ከቤት ሰው በቀር ማንም አያውቀውምና፣ ጆሮዬን አቆምኩ። ሰውዬው መሬት መሬት አየ። እምዬ ቀድማ፣ «ክንፈ ሚካኤል ነው፣ አባ» አለች። ቄሱ በዚያው ስም ጸልየው መስቀል አሳለሙት። እሱ አለቀሰ፤ እኔም ምርመራዬን እዚያው ላይ ዘጋሁ።

ስለዚህ ለፋሲካ ስትመጪ ምንም አትጠይቂው፤ አገላብጠሽ ሳሚው። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ።

ወንድምሽ

«ለምስጋና ላስጠራለት ነበር፣ ረሳሁት» ያልሽኝ የገነነ የክርስትና ስም ወልደ ሥላሴ ነው። እምዬ ትናንትም ለሙታን ያስጠራችው በዚሁ ስም ነው።