አባቴ ሮቦት ስላለመሆናቸው

ለጌም ኩባንያው የተጫዋቾች ደስታና ደንብ ማስከበር ክፍል
ለክቡር ኃላፊው

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎና ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ ወገብዎን ሳያምዎ፣ ዓይንዎ ሳይደክም፣ ከሁሉም በላይ ሁለቱም እጆችዎ እንደ ልብዎ እየታዘዙልዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የእጁን ነገር ያነሳሁት ለሰላምታ ማሳመሪያ አይደለም፤ ኋላ እደርስበታለሁ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬና ቴሌቪዥናችን ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ስምንት ወር ሙሉ ፊቴን ወደ እናንተ ምድረ በዳ አዙሬ ስሰፋ ኖሬአለሁና፣ ስለ ካውቦይ ጌማችሁ የምናገረው በወሬ አይደለም። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የፈረስ ጋሪ ነድተው ያሳደጉን ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው አልታዘዝ ሲል፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቻቸውን እንዲያለማምዱበት ለስላሳ የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ደግሞ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ብለው አልጋ ሥር ወረወሩት። ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው ፊውዝ እያለ ነው። እሱ አሮጌ የጌም ማጫወቻውን ከነጌማችሁ አምጥቶ ሰካላቸውና ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የሚሄዱበት ቦታ አገኙ።

እንግዲህ ከመውቀሴ በፊት የሚመሰገነውን ላመስግን። ሜዳችሁ ያምራል። ዝናቡ ከሩቅ ሲመጣ ሣሩ ቀድሞ ይተኛል፤ ጭቃው ኮቴ ላይ ይለጠፋል፤ ልጓሙ ይንኳኳል። ፈረሱም ኮሽታ ሲሰማ አንዱን ጆሮውን ብቻ ወደ ኋላ ያዞራል። አባቴ ይህን ሲያዩ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ይህን ጆሮ የሠራው ሰው ፈረስ ያውቃል አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል ምስጋና ሲወጣ እኔ በዕድሜዬ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። ፈረሱን በመጨረሻው የጋሪ ፈረሳቸው ስም ቦራ አሉት። በሦስተኛው ወር የግራ አውራ ጣታቸው ቁልፍ መጫን ጀመረ፤ በሰባተኛው ወር የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያለ እኔ እርዳታ ቆለፉ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ውለታችሁ ይኖርብን ነበር፤ መልሳችሁ ባትወስዱት ኖሮ።

አቤቱታዎቼን ጊዜዎን ላለማባከን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ምራቅ። የጌማችሁ ጀግና ትንባሆ እያኘከ በየደረሰበት ይተፋል፤ የሬሳ ኪስ ይበረብራል፤ ሚሽን በምትሉት በመጀመሪያው ተልእኮ አጋዘን ሲገፍ ደግሞ ቆዳው ከሥጋው የሚላቀቅበት ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ዝንቦቹን አንድ በአንድ ሥላችኋል። ይህን ያህል የተማረ ሰው ተሰብስቦ ዝንብ ሲያሳምር መዋሉን ባሰብኩ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል፤ ነጭ መጋረጃ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስንት ቀን ምሳዬን ሳልጨርስ አንስቻለሁ። አባቴም እዚያ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጨረሰ ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ ማንም ሳይለምናችሁ የምታመጡት ማሻሻያ። አንድ ቀን አፕዴት ብላችሁ ቁልፎቹን አቀያየራችሁና ፈረስ መቦረሻው ቁልፍ ቡጢ መሰንዘሪያ ሆነ። ማን ነገራቸው? አባቴ እንደ ልማዳቸው የቦራን አንገት ሊቦርሹ ቢጫኑት ፊቱን በቡጢ አሉት። ፈረሱ ደንግጦ ሜዳውን አቋርጦ ጠፋ። እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ሞክረው ሊወድቁ ሲሉ እኔ መቀሴን ጥዬ ያዝኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ካሮት እየሰጡ ይቅርታ ሲለምኑት ከረሙ። በሕይወታቸው ፈረስ መትተው የማያውቁትን ሰውዬ በሰባ አንድ ዓመታቸው ፈረስ እንዲመቱ ስላበቃችኋቸው እግዜር ይስጣችሁ።

ሦስተኛ፦ ሁለተኛው ሚሽን፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው። ጀግናችሁ አባል የሆነበት የወንበዴ ቡድን አለቃ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ አድፍጡ፣ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ሲመጣ ከጋሪው ላይ ጎትታችሁ ጣሉት፣ ፈረሱን ፈትታችሁ አምጡ ብሎ ያዝዛል። አባቴ ትእዛዙን ፊውዝ ሲተረጉምላቸው ሰሙና እንዲደግምላቸው ጠየቁ። ደገመላቸው። ከዚያ አለቃውን ትተው፣ ፈረሳቸውን አዙረው ሄዱ። ሚሽኑን ሳይሠሩት ስምንት ወር እዚያ አገር ኖሩ። ያንን ባለጋሪ በየቀኑ መንገድ ላይ ያገኙታል፤ ሰላምታ መስጫ ቁልፍ አላችሁና ባርኔጣቸውን ያነሱለታል፤ እሱም ያነሳላቸዋል። ሌላ የፈለጉት ነገር አልነበረም፤ እናንተ ግን በየአምስት ደቂቃው ባለጋሪውን ዝረፍ የሚል ቀይ ጽሑፍ ግንባራቸው ላይ ስትለጥፉ ከረማችሁ።

አራተኛ፦ ደብዳቤያችሁ። ከሳምንት በፊት አካውንታቸው ተዘጋ። ባርኔጣ ያጠለቀ ሳቂታ ፊት የተሣለበት ደብዳቤያችሁ እንደሚለው፣ ይህ ተጫዋች ለሁለት መቶ አርባ ቀናት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቦታ እየቆመ ስለሄደ፣ ፈረስ ማስጋለብ እየቻለ አንድም ቀን ስላላስጋለበ፣ ዳገት በደረሰ ቁጥር ወርዶ በእግሩ ስለሚሄድ፣ ይህ የሰው ጠባይ ሆኖ ስላልተገኘ፣ ተጫዋቹ ሮቦት ነው ተብሎ ተወስኗል። ፈራሚው የተጫዋቾች ደስታ ቡድን ነው። ደስታ!

ክቡር ሆይ፣ ባለጋሪ ድንጋይ ላይ ፈረስ አያስጋልብም፤ ሰኮናው ይሰነጠቃላ። ዳገት ላይ ይወርዳል፤ ፈረሱ ከብዶታላ። የሚያጠጣውም የለመደውን ውሃ ነው፤ ያልለመደውን ጠጥቶ ሆዱን እንዳይነፋው። አባቴ ይህንን ያደረጉት ሠላሳ አራት ዓመት በእውነተኛው መንገድ፣ ስምንት ወር ደግሞ በእናንተው መንገድ ነው። ለፈረስ ማዘን በማሽናችሁ ሚዛን የማሽን ጠባይ ሆኖ ተገኘ። በየደረሱበት መትፋት፣ ሬሳ መበርበር፣ ሽማግሌ ከጋሪ ላይ መጎተት ግን አንድም ቀን አስጠርጥሮ አያውቅም። አንገሸገሸኝ ብል ያንስብኛል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይቅር። ፊውዝ ይግባኝ ጻፈ፤ እናንተም ለጋሶች ናችሁና ሰባት ቀን ሰጣችሁን። ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ የተቋረጠውን ሚሽን ይፈጽሙ አላችሁ። አሁን ጌሙ ሲከፈት ቀጥታ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ነው የሚጥለን። ባለጋሪው ከወዲያ እየመጣ ነው። ቦራ ከኋላ ግንድ ላይ ታስሯል፤ የጥማቱ ምልክት ቀልቷል፤ ባለጋሪው እስኪዘረፍ ድረስ ግን እሱ ዘንድ መሄድ አይቻልም።

ፊውዝ፣ አባባ፣ የውሸት ሰው እኮ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፣ እኔ ልጨርሰው ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ደግሞ ሰውዬው የውሸት ከሆነ ፈረሱም የውሸት ነው፣ እንግዲያው ምኑን ልታስመልስልኝ ነው ብለው አፉን አስያዙት። ጆይስቲኩን እሱ እንዳያገኘው ብለው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ይኸው ስድስት ቀን ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተረሳ ጓንት ተቀምጧል፤ ሸሚዛቸውንም የምቆልፈው እንደገና እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ትናንት መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ጆይስቲኩን ከትራሳቸው ሥር አወጣሁት። ባለጋሪ የዘረፈች ልባል፣ እጃቸው ይመለስላቸው እንጂ ብዬ ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ባለጋሪው ቀረበ፣ አየኝ፣ ባርኔጣውን አነሳ። የአባቴን ሰላምታ ነው ለእኔ የመለሰው። ጣቴ ደረቀ። ዞር ስል አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው፣ በታመመው እጃቸው ቀስ ብለው የሰላምታውን ቁልፍ ፈለጉና ለሰውዬው ባርኔጣቸውን አነሱለት። ከዚያ ጌሙን ራሳቸው አጠፉት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ነገ ቀኑ ሲሞላ ውሳኔዎን ያጽኑ። አባቴ ማስረጃውን አያቀርቡም። ሰው ሆነው ለመቆየት ሲሉ በእናንተ መዝገብ ሮቦት ተብለው መቅረትን መርጠዋል። እኔም የእናንተ ማሽን እንደ ሰው የሚቆጥረኝ ዓይነት ፍጡር ሳልሆን በመቅረቴ የተሰማኝን ኩራት እየገለጽሁ፣ ለክፍልዎ ከዚህ የበለጠ ደስታ፣ ለዝንቦችዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ከላቀ አክብሮት ጋር
የሮቦቱ ሴት ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ስለ አካውንቱ አንድም ቃል እንዳልጽፍ ከልክለውኝ ነበር፤ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ይህችን ብቻ ነው። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ቦራን ፈትታችሁ ውሃ አጠጡልኝ ብለዋል፤ ከላይኛው ምንጭ እንጂ ከወንዙ አይጠጣም። ያንን ጆሮ የሠራው ሰው አሁንም እናንተ ዘንድ ካለ ለእሱ ይንገሩልኝ፤ እሱ ይገባዋል። ሰው ከጠፋም ለማሽኑ ይንገሩት።