«ስሟን ቀይሬዋለሁ» አለ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ትናንት ለእኛ ለመምህራን በተሰጠው ሥልጠና ላይ ያ የሥነ ልቦና አማካሪ ስለ ሐዘን ሲያስተምር ምሳሌ አመጣ። «ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ አልማዝ እንበላት» አለ። የታመመ ልጇን ከበየዳ ደጋ በበቅሎ ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ስትወርድ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ልጁ አልፏል፤ ለሰው ግን «ሐኪም ቤት ደርሶ ሞተ» ብላ ተናገረች አለ።

እኔ ነኝ። በር ዘግቶ «ከዚህ ክፍል አይወጣም» ስላለኝ ለሱ ብቻ የነገርኩት ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ከተሜ ነውና ስም ሲቀይር የደበቀኝ መስሎታል። እዚህ አገር ሰው በስሙ መች ይታወቃል? በመጣበት መንገድና በበቅሎው እንጂ! ጎኔ የተቀመጠችው ስንዱ፣ አብራኝ የምታስተምረው፣ «ምስኪን» አለች ፊቷን ወደኔ ሳታዞር። ያኔ እንዳወቀች ገባኝ።

ዛሬ የአማካሪው አለቃ ዘንድ ሄጄ አመለከትኩ። «ያወጣብሽን ምስጢር በዝርዝር ጽፈሽ አምጪ» አሉኝ። በሽቄ ወጣሁ። ደግሞ እኔው ልዘርዝረው?

ግን እጽፋለሁ። ዝም ካልኩ ነገ ሌላዋን «አልማዝ» ይላታል።

ያልሰማ አንድ ሰው ቀርቷል፤ ባሌ። ልጃችን ሐኪም እጅ ላይ እንዳረፈ ነው የሚያውቀው፤ የሚጽናናውም በዚያ ነው። ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ አሁን ጠራሁት።

«መጣሁ፤ በቅሎዋን ላስርና» አለኝ ከደጅ።