ከኢልሀም ጋር የሮጥንባቸው ወራት

ጥቅምት 9
ሱቅ ዋልኩ። ሁለት ሂጃብና አንድ ሽርጥ ተሸጠ። ብርዱ ዘንድሮ ገና በጥቅምት ጀመረ። የእማዬ እግር እብጠት ቀነስ ብሏል። ታናሽ እህቴ ኢልሀም ስልኳ ላይ እንደተደፋች መሸ። አሥራ ሁለተኛን ወድቃ ቤት ከዋለች ዓመቷ... ሌላ ነገር የለም።

ጥቅምት 14
ሮጥኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ!
ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ ደሴ ላይ፣ በሺህ አምስት መቶ ሜትር ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ዛሬ ከከተማው ሳልወጣ አስመለሰኝ። አንዱ ከበረንዳ ላይ «አረብ አገር ያሳበዳት» አለ። ሰማሁት።
ነገሩን የጀመረው ስልኬ ላይ ያየሁት ማስታወቂያ ነው። ግንቦት ላይ ሐይቅ ከተማ ውድድር አለ፤ ትሪያትሎን። መዋኘት፣ ከዚያ ሳይክል፣ ከዚያ ሩጫ፣ ሳያርፉ። ጂዳ ቤቷን የማጸዳላት ማዳሜ ትሠራው ነበር። ፎጣዋን ይዤ የምቆመው እኔ፤ ሰዓቷን የምይዘው እኔ። ሰባት ዓመት። ማዳሜና ቤተሰቧ ለእረፍት ሲሄዱ ከፊሊፒንሷ ሠራተኛ ጋር ገንዳው ውስጥ እንገባለን። መዋኘት ያስተማረችኝ እሷ ናት።
አሁን ምን ፈልጌ ነው? በሠላሳ ዓመቴ... አንድ ቀን እንኳ ፎጣ ያዡ ሌላ ሰው እንዲሆን?

ጥቅምት 27
ሳይክል ጠጋኙ ጋሽ ፈንታው ዘንድ ሄድኩ። አሮጌ ሳይክል ያውሱኝ ብዬ።
«ይሄ እኮ የወንድ ነው፣ ልጄ።»
«ይሁን፣ ጋሼ።»
«የሚይዘው የኋላው ፍሬን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ አደራሽን።»
ሁለቴ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። እማዬ ስታጥብልኝ «ያ ረቢ፣ ምን አድርጌህ ነው?» ትላለች፤ አላህን ነው የምትጠይቀው እንጂ እኔን አይደለም።

ኅዳር 6
ኢልሀም ከደላላ ጋር ስታወራ ደረስኩባት። በጅቡቲ፣ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ፣ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ።
«አንቺስ ሄደሽ የለ?»
«እኔ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። አንቺ በረሃውን በእግርሽ...»
ክንዴን አሳየኋት። ማዳሜ የደፋችብኝን የዘይት ጠባሳ።
«አይቼዋለሁ፣ እትዬ። ስንቴ ታሳዪኛለሽ? እዚህስ ምን አለኝ?»
እውነትም ምን አላት?

ኅዳር 21
ዛሬ ራሷ መጣች። «ነገ ስትሮጪ እኔንም ቀስቅሺኝ» አለች። በደስታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ታኅሣሥ 10
ትበልጠኛለች። እግሯ ረጅም፣ ትንፋሿ ረጅም። ዳገቱ ላይ ዞር ብላ ትጠብቀኛለች። ጀርባዋ ላይ ሁለት ሊትር ውሃ አዝላ ነው የምትሮጠው። ለምን? ስላት «ክብደት ያጠነክራል» አለች።
ደላላውን አንስታው አታውቅም። እኔም አላነሳሁ። ለሐይቅ ሁለታችንም እንመዘገባለን... እንዲህ እያልኩ አስባለሁ።

ጥር 8
የገበያ ቀን ስለሆነ ለመስኖ የተገደበው ኩሬ አጠገብ ሰው አልነበረም። ውሃው በረዶ ነው። ዋና ላለማምዳት ነው የሄድነው፤ ኢልሀም ከነቀሚሷ ገባች። «አውልቂው፣ ይከብድሻል» አልኳት። እምቢ።
ፍጥነት አትፈልግም። መንሳፈፍ ብቻ። «ሳይደክሙ ስንት ሰዓት መቆየት ይቻላል?» «ማዕበል ቢኖርስ?» ሐይቅ ምን ማዕበል አለው? ብዬ ሳቅሁባት።

ጥር 22
አንድ ሰዓት ሙሉ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣች፤ ትስቃለች። ፎጣውን እኔ ያዝኩላት። ቅር አላለኝም። ወላሂ ቅር አላለኝም።

የካቲት 3
የለችም።
ሮመዳን ሊገባ ሳምንት ቀረው። «ደሴ ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነበር ትናንት የወጣችው። ስልኳ ዝግ ነው። ቦርሳዋ የለም። የሩጫ ጫማዋም የለም።

የካቲት 5
ቀስ እያለ ገባኝ። ዳገቱ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ውሃ፣ ቀሚሱ፣ ማዕበሉ። ለሐይቅ አልነበረም።
እኔ እዚህ ላስቀራት የያዝኳት መስሎኝ... ለመንገዱ አዘጋጀኋት። ለእማዬ ይሄን እንዴት ብዬ እነግራለሁ?

የካቲት 24
ፆሙ ግማሽ ደረሰ። ወሬ የለም። ሩጫ አቆምኩ።

መጋቢት 11
ዒድ። እማዬ ከሰላት ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

መጋቢት 19
ደወለች! የማላውቀው ቁጥር።
«እትዬ፣ አለሁ። የመን ነኝ።»
እማዬ ስልኩን ነጥቃኝ አለቀሰች፣ መረቀች። ከዚያ ኢልሀም «ብቻሽን ሁኚ» አለችኝ። ጓሮ ወጣሁ።
ሊነጋጋ ሲል ነው አለችኝ። የባሕሩ ዳር ገና ሩቅ ነው። ጠባቂ አየን ብለው ባለ ጀልባዎቹ «ውረዱ» አሏቸው። ያልወረደውን ባሕሩ ውስጥ ገፈተሩት። አብራት የነበረች አርዋ የምትባል የከላላ ልጅ አለች፤ በረሃውን አብረው ነው የቆረጡት።
«አንገቴን ያዘችኝ፣ እትዬ። ሁለታችንም ወደ ታች... የሚሰጥም ሰው ከያዘሽ ወደ ታች ጥለቂ፣ ይለቅሻል ብለሽኝ የለ? ጠለቅሁ። ለቀቀችኝ።»
እማዬ እንዳትሰማ የጓሮውን በር ዘጋሁት። እሷ ቀጠለች።
«እናቷ ይታይሽ ትባላለች። ከላላ ናት። ንገሪልኝ። ሁሉንም ግን አትንገሪያት።»
ተቋረጠ።
ያን ነገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኩሬው ውስጥ፣ እየተሳሳቅን።

መጋቢት 21
መንገዱ ተዘግቶ መኪና የለም ከተባለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሳይክል ወጣሁ። ዳገቱን እየገፋሁ፣ ሜዳውን እየነዳሁ። ከላላ ስደርስ ሊመሽ ነበር። ሰው ጠይቄ ሼህ ዑበይዳ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ገባሁ። ሰምተው ሲጨርሱ መኝታ አስነጠፉልኝ።
«መርዶ በጠዋት ነው፣ ልጄ። ዛሬ እዚህ እደሪ። የዛሬን ሌሊት እንኳ እናቷ ትተኛ።»

መጋቢት 22
በጠዋት ከሼሁና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሄድን። እማማ ይታይሽ በር ላይ ቆመው አዩን። ሼሁን ሲያዩ ገባቸው። ወደቁ። ሴቶቹ ደጋግፈው ያዟቸው፤ ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ያዙ። ጩኸቱን አልጽፈውም።
ረፈድ ሲል እማማ ይታይሽ ስሜን ጠሩ።
«ኑርጃን ነሽ? እህትሽስ?»
«ተርፋለች።»
«አልሐምዱሊላህ» አሉ። በእኔ እህት መትረፍ! «እንዴት ተረፈች?»
«ዋና ትችላለች።»
«ማን አስተማራት?»
«እኔ ነኝ፣ እማማ።»
ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
«የኔዋ ውሃ የምታውቀው በጀሪካን ነው» አሉ። ከዚያ እጄን ሳቡኝና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ መሰለኝ፣ ዝቅ ብለው ጠየቁኝ። «ብቻዋን ነበረች?»
«አይ። ኢልሀምን ይዛት ነበር።»
«አልሐምዱሊላህ። ሰው ይዛ ነበር...»
ኢልሀም ጠልቃ እንዳስለቀቀቻት አልነገርኳቸውም። ከሰዓት በኋላ ተነሣሁ። ከከላላ መውጫ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ መንዳት ይቻል ነበር። ሳይክሉን እየገፋሁ ሄድኩ።