እንዳይጠፋ ስለተቆለፈበት ካርድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ መደርደሪያዎም እንደ ትዕግሥትዎ የሰፋ ይሁን እያልሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ አንዲት ልጄ ነፍሰ ጡር በነበረችበት ጊዜ ክፍልዎ ስለ ዋለልን ውለታ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ልጄ በአራተኛ ወሯ በአልትራሳውንድ ስትታይ፣ ሐኪሙ በማኅፀኗ በታችኛው በኩል ማዮማ የሚሉትን ዕጢ አግኝቶ፣ «ዕጢው የሕፃኑን መውጫ ስለዘጋ ምጥ ሳይጀምራት በቀዶ ሕክምና ትውለድ» ብሎ በካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ካርዱ ታጣ። ሠራተኞችዎ ግን ነፍሰ ጡር ቆማ እንዳትጉላላ አስበው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ካርድ አውጥተው «ለጊዜው በዚህ ተጠቀሚ» ስላሏት፣ ለቅልጥፍናቸው እጅ ነሥቻለሁ።

ሁለተኛ፣ አዋላጇ ሆዷን በሜትር ለክታ ከወራቱ በላይ ገፍቶ ብታገኘው፣ «እናትዬ፣ ይሄማ ጎረምሳ ነው፤ ጫማውን አድርጎ ሳይወጣ አይቀርም!» ብላ አሣቀቻት። ልጄ ስቃ ስታበቃ የዕጢውን ነገር ብትነግራት፣ የአዲሱን ካርድ ገጽ ገለጥ አድርጋ «እዚህ ላይ የለም» አለቻት። እንደገና በአልትራሳውንድ ልታይ ብትልም፣ ያለፈው ውጤት ሳይያያዝ እንደማይታዘዝላት በትሕትና ተነገራት። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕመም ሕመም አለመሆኑን ስላስተማራችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛው ክስ በእናንተ ላይ አይደለም። ልጄ ቤት መጥታ «አባባ፣ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰሙዎታል፤ አብረውኝ ይሂዱ» ብላ ስትለምነኝ፣ «የተማሩ ሰዎችን ሥራቸውን አታስተምሪ» ብዬ ገሠጽኋት። ዕድሜ ልኬን የተጻፈ ነገር እንዲከበር ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ከልጄ ቃል ይልቅ ያንን ባዶ ገጽ አከበርሁ። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ከእርስዎ አይደለም።

አራተኛ፣ ምጧ ማለዳ ጀምሮ እስከ ማታ ዘለቀ፤ ሕፃኑ መውጫ አጥቶ ዋለ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቧት ልቡ ቆሞ ነበር። ደሟ አልገታ ስላለም፣ ነፍሷን ለማትረፍ ማኅፀኗን አወጡት። ጎረምሳ የተባለው ልጅ በሁለት መዳፌ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ልጅ ነበር። ትልቁ ዕጢው ኖሯል።

ለመዝገብ ያለው አክብሮት እስከ ዛሬ ያልጎደለ፣ አያት ለመሆን ጥቂት ሰዓታት ቀርተውት የነበረ፣

ታዛዥዎ፣ የልጅቱ አባት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኞ ከክፍልዎ አንዲት ሠራተኛ ስልክ ደወለችልኝ። ካርዱ ለካስ በቀይ የተጻፈባቸው ካርዶች እንዳይጠፉ ተለይተው በሚቆለፉበት ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር ተቀምጦ ኖሯል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ሠራተኛዋ ደስታዋ ከልብ ስለነበር፣ ቃሏን ሳላጓድል አሰፍርልዎታለሁ፦ «አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ካርዷ ተገኘ! ለሚቀጥለው እርግዝናዋ ስለሚያስፈልጋት መጥታ ትውሰድ።»