የፀጉር አስተካካዩ ጀግንነት

ውድ እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከዚያ ጉረኛ ባሌ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ደህና ነኝ።

ባለፈው ወር ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ እየላጨ ደረቱን ሲወጋው፣ "ጨጓራዬ ነው" ብሎ የሰውየውን ጺም ሊጨርስ ፈለገ። ደግነቱ ሰውየው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰው። ለካ የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ኖሯል። ሐኪሟ በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታ የረጋውን ደም መጥጣ አወጣችለትና ደም ሥሩን ከፈተችው።

የወጣው ነገር የምስር ፍሬ አያክልም። እሱ ለደንበኞቹ ሲያወራ ግን ባቄላ አድርሶታል! ሥራውን የሠራችው እሷ፣ ጀግናው እሱ። ኪኒኑንም "ቧንቧው ተከፍቷል፣ ምን ያደርግልኛል?" እያለ ካልጮህኩበት አይውጥም።

እኔም ከፀጉር ቤቱ አልጠፋም፤ ፀጉር የሚጠርግለት ሰው የለማ።

ትናንት የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ መሀል ላይ ቆመ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"የጫማዬን ክር ላስር ነው" አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

ጫማው ክር የለውም። ይሄ ውሸታም! እኔም ጎንበስ ብዬ የማስርለት መስዬ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየሁ።

ለክረምት እመጣለሁ ያልሽው ሩቅ ነው፤ አሁን ብትመጪ ምን አለበት? አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ።

በጤና ቆዪልኝ፣
የምትናፍቅሽ ታናሽሽ