ከማድቤቱ በር ውጭ ስለቀረው ግራናይት

ለክቡር አቶ ባዘዘው
የዋርካው ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ቢቸና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ እንዴት ሰንብታችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ የእድሩ ሴቶች ከወገባችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ እንዳይመስልዎ፤ በማመልከቻ መልክ የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች ከመሳቢያዎ መውጫው ስለጠፋቸው ብቻ ነው።

ለመጻፍ ያበቃኝ የእትዬ አስናቀች ጉዳይ ነው። እንደሚያውቁት እትዬ አስናቀች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእድራችንን ወጥ ቤት የመሩ፣ ለሦስት መቶ ለቀስተኛ የሚበቃውን ምስር በዓይናቸው ገምተው የማይሳሳቱ ሴት ናቸው። ሽንኩርቱንም ድንቹንም ታዲያ የሚከትፉት መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ፣ ከወገባቸው ታጥፈው ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጎንበስ ማለት ይቅርብዎ ካለቻቸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ እኛም ቆመው የሚሠሩበት፣ ላዩ ግራናይት የሆነ መደብ ይሠራላቸው ብለን ከጠየቅን እንዲሁ ሦስት ዓመት። በእነዚህ ዓመታት ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ የሒሳብ መምህር ስለነበርኩ ያለ ቁጥር ማመስገን አይሆንልኝም።

1ኛ. በመጀመሪያው ዓመት «የማድቤት መደብ» የምትል አንዲት መስመር በበጀቱ ውስጥ ስላስገቡልን እናመሰግናለን። ያቺ መስመር ዓመቱ ሳይገባደድ ለኮሚቴው አዳራሽ ወደ ተገዙት ባለስፖንጅ ወንበሮች መዛወሯን ስንሰማ ትንሽ ብንደነግጥም፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለትም አንድ የበጀት ዓይነት መሆኑን ተምረንበታል። ወንበሮቹ ምቾት አላቸው ሲባል ሰምተናል።

2ኛ. በሁለተኛው ዓመት እርስዎ፣ ገንዘብ ያዡ አቶ ምናለና ጸሐፊው፣ የግራናይት ዋጋ ለማጥናት ሞጣ ድረስ ስለደከማችሁልን ውለታችሁን የምንከፍልበት አቅም የለንም፤ አበላችሁን ግን ከፍለናል። ሁለት ቀን ሰንብታችሁ ይዛችሁልን የመጣችሁት ጥናት «ዋጋው ጨምሯል» የሚል ነበር። ሽንኩርት ሻጯም ይህንኑ በነጻ ስትነግረን ስለከረመች ጥናቱ ትክክል መሆኑን መመስከር እንችላለን።

3ኛ. በሦስተኛው ዓመት ግራናይቱ ተገዛ። እዚህ ላይ ሳልቀልድ አመሰግናለሁ። ያ ጥቁር ድንጋይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን ጠመዝማዛ ወርዶና ወጥቶ፣ ጫፉ እንኳ ሳይሸረፍ ቢቸና ሲደርስ እልል ብለናል፤ እትዬ አስናቀችም አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንደ ሕፃን ጉንጭ ዳበስ ዳበስ አድርገውታል። ለማስገባት ሲሞከር ግን ሦስት ሜትር ከሃያ የሆነው ድንጋይ፣ ውስጡ ሁለት ሜትር ከአርባ ከሆነው ማድቤት አልገባም አለ። ለካስ እርስዎና አቶ ምናለ የለካችሁት በውጭ በኩል፣ ሜትሩን በግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ ኖሯል! የድንጋዩ ግድግዳ በግራም በቀኝም አርባ አርባ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዳለው የጠረጠረ አልነበረም። ለምን ገብታችሁ አልለካችሁም ብዬ በጉባኤ ፊት በትሕትና ብጠይቅዎ፣ ፊትዎን ኮስተር አድርገው «ወንድ ልጅ ማድቤት አይገባም» አሉኝ፤ ጉባኤውም አጨበጨበልዎ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መደመርና መቀነስ ሳስተምር፣ ለወንድነት ክብር ሰማንያ ሳንቲ ሜትር እንደሚታሰብ ሳላስተምር ጡረታ በመውጣቴ በጣም አዝኛለሁ።

4ኛ. እንግዲያው ድንጋዩ ይቆረጥ ስንልዎ፣ በንብረት መዝገብ ሙሉ ሆኖ ስለተመዘገበ ቢቆረጥ «ጎደለ» ተብሎ እንደሚያስጠይቅ በትዕግሥት ስላስረዱን እናመሰግናለን።

5ኛ. ሜዳ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው ተጨንቀው፣ «ለጊዜው» በማለት አዳራሹ ውስጥ በብሎኬት ላይ አሳርፈው የኮሚቴው ጠረጴዛ ስላደረጉት እናመሰግናለን። ጊዜው ሰባት ወር ሆኖታል።

ስድስተኛውን ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ ምስጋና ስላልሆነ። ባለፈው ማክሰኞ፣ በሰፈራችን ለቅሶ በነበረበት ዕለት፣ እትዬ አስናቀች ድንች እየላጡ ሳሉ ወገባቸው ያዛቸውና ከተቀመጡበት መነሣት አቃታቸው። ሦስት ሆነን ደግፈን አነሣናቸው። ስንት ለቅሶ ሲያስተናግዱ እንባቸውን አይቼ የማላውቅ ሴት ያን ቀን አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ተናደድኩም። ቢላዋውን በመቀነታቸው ጠርገው አስቀመጡትና «ሃያ ሁለት ዓመት ጎንበስ ብዬ አበላሁ፤ ከእንግዲህ ወይ ቀና ብዬ እሠራለሁ፣ ወይ ቤቴ እቀመጣለሁ» አሉ። እሳቸው ቤታቸው ከተቀመጡ ለሦስት መቶ ሰው የሚሆነውን ምስር ገምቶ የሚሰጥ፣ የዕለቱን ሽር ጉድ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው እንደሌለን እርስዎም አይጠፋዎትም።

ስለዚህ እኛ ሴቶች ያለ አበልና ያለ ሻይ ተሰብስበን፣ አንድ ድስት እስኪንተከተክ በማይፈጅ ጊዜ ውስጥ ወሰንን። እሳታችን ድሮም ውጭ ዳሱ ሥር ስለሆነ እሱን አልነካነውም፤ ዓርብ ጠዋት ግን መክተፊያውን፣ ቢላዋውን፣ የውኃ በርሜሉንና የእንጀራውን ሌማት ይዘን አዳራሽ ገባን። ግራናይቱ ማንም ሳይለካው ለእትዬ አስናቀች ቁመት ልክ ሆኖ ተገኘ። ቆመው ሽንኩርት ሲከትፉ ውለው አንዴም ወገቤን አላሉም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ከእኔ እንደሚረዝሙ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አዳራሹ ከዓርብ ጀምሮ ማድቤት ሆኗል። ባለፈው ጉባኤ ያጸኑትን ወግ እኛ አፍርሰን እርስዎን ከማዋረድ እንዲሰውረን፣ «ወንድ ልጅ አይገባም» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጥፈናል። የኮሚቴው ሥራም እንዳይስተጓጎል የቀድሞውን ማድቤት ጠርገን፣ ማዳበሪያውን አንጥፈን አዘጋጅተንልዎታል። ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ስላለ ነጭ ጋቢዎን ባይለብሱ ይመረጣል።

ለደከሙልን ሁሉ ዋጋዎን የማያስቀር አምላክ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ የወገብዎንም ነገር አደራ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ወይንእሸት
ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ያልወጣሁ ሽንኩርት ከታፊ

ማስታወሻ፦ ማኅተሙ፣ ቃለ ጉባኤውና የእሑዱ ስብሰባ አጀንዳ በአዲሱ ጽሕፈት ቤትዎ፣ ከማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁዎታል። ሲገቡ እባክዎ ጎንበስ ይበሉ፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው።