በክቡርነትዎ ደም የተፈቀደ ግጥሚያ

ለክቡር የቦክስ ፌዴሬሽን ሊቀ መንበር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን የምስክር ወረቀቱ እጄ ላይ ስላለ ጥያቄውን ትቼ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። አንጎልዎ ፍጹም ደኅና ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ የእርስዎ ሳይሆን የእህቴ ልጅ ነው።

እኔ «ምሳር» የሚባለው የዚሁ ቦክሰኛ ልጅ አጎት ስሆን፣ ሲገጥም ፎጣ ይዤ ጥጉ ላይ እቆምለታለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ አንጎል መጎዳቱን ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም በሩብ ሰዓት የሚናገር፣ በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ ስለ ገዙልን እናመሰግናለን። ስምንት ወር ሙሉ ቆልፈው ስላስቀመጡት አንድም ጭረት አልነካውም፤ ስለ ልጆቹ ጭንቅላት ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም።

ሁለተኛ፣ በዚያ እሑድ ጠዋት በግማሽ ፍጻሜው ምሳር መንጋጋውን ተመትቶ በግንባሩ ሲደፋ የመድረኩ ጣውላ የጮኸውን ጩኸት ከፊት ወንበር ሆነው ሰምተዋል። ከቆጠራ ተነሥቶ በነጥብ አሸነፈ፤ ወርዶም ደም እየተፋ «ጋሼ፣ መቼ ነው የምንጀምረው?» አለኝ። የፌዴሬሽኑ ነርስ መሣሪያውን በልመና አስወጥታ ጣቱን ወጋች፤ ቀይ በራ፤ አንጎሉ ተጎድቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክቡርነትዎ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ስለ ሰጉ፣ ለማረጋገጥ የራስዎን ጣት ዘርግተው ተወጉ። አረንጓዴ በራ። በደንቡ መሠረት የሚጸናው የመጨረሻው ውጤት ነውና የእርስዎ ውጤት ከምሳር ቅጽ ጋር ተያያዘ። ነርሷ ደሙ የእርሱ አይደለም ብትል፣ ደም ያው ደም ነው፣ ፍጻሜው አይዘግይ አሏት። እንዲህ ያለ ወንድማማችነት ከየትም አይገኝም።

ከሰዓት በኋላም ምሳር በደምዎ ፈቃድ ለፍጻሜው ገባ። የመጀመሪያው ቡጢ የጥርስ መከላከያውን ከአፉ አስወነጨፈው፤ ሁለተኛው ቅንድቡን ቀደደው፤ እጆቹ ወርደው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሌላ አራት አረፈበት። ወድቆ እግሮቹ ጣውላውን ሲደበድቡት ዳኛው በቆጠራው ገና አራት ላይ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ፎጣውን የያዝኩት እኔም አላስጣልኩትም። ወረቀቱን አምኜ ነበር። ይህን በሽሙጥ ልጽፈው አልችልም፤ አፍራለሁ።

አራተኛ፣ ምሳር ዛሬ የወለደችውን እናቱን እንደ ጎረቤት «እትዬ» እያለ ይጠራታል፤ እሷም አቤት ትላለች። በዚህ መሐል የጤና ወረቀቱ ለአንድ ወር ስለሚያገለግል ቅዳሜ የመልስ ግጥሚያ እንዲያደርግ የጻፉለት ደብዳቤ ደረሰን። ልጁ ደግሞ እሺ ብሎ ጓንቱን እየፈለገ ነው። ጓንቱን ቆራርጬ ጥዬዋለሁ፤ ልጁ አይመጣም፤ ከመጣም በእኔ ሬሳ ላይ ተራምዶ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ምንም የማይነቀንቀው አንጎል እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የምሳር አጎትና ፎጣ ያዥ

ማሳሰቢያ፦ መሣሪያው ጠፋ ብለው ሌባ ፍለጋ እንዳይደክሙ፤ እኛ ዘንድ ነው። ነርሷ ትናንት የፌዴሬሽኑን አሥራ አራት ቦክሰኞች ከየራሳቸው ጣት መርምራ በአምስቱ ላይ ቀይ በርቷል፤ የቅዳሜው ተጋጣሚም ከነሱ አንዱ ነው። የአምስቱ እናቶች ነገ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ ሊያመሰግኑዎት ይመጣሉ። እነሱ ጓንት አያጠልቁም።